ስክሪን ለሌለው ካሜራ መምህሩ ኔጌቲቩ ነው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ለአምስት ዓመታት ያህል በዲጂታል ካሜራ የሠርግና የበዓል ፎቶ ሳነሣ ቆይቻለሁ። በቅርቡ ከውጭ የመጣች አክስቴ ፔንታክስ ኬ1000 የተባለ የፊልም ካሜራ ሰጠችኝ። የመጀመሪያውን ፊልም አዲስ አበባ ልኬ ባሳጥበው ምንም የለበትም አሉኝ። በሁለተኛው ላይ ደግሞ ሐይቁ ዳር ያነሣኋቸው ነጠላ የለበሱ ሰዎች ፊታቸው ጠቁሮ፣ ታንኳ ቀዛፊዎቹም ጥላ ብቻ ሆነው ወጡ። ስካኑ የደረሰኝ በቴሌግራም ነው። ጥፋቱ የካሜራው ነው፣ የአጣቢው ነው ወይስ የእኔ? ያነሣሁትን ወዲያው የማያሳየኝን ካሜራስ እንዴት ልልመደው?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ ሁለቱ ፊልሞችዎ የገጠማቸው ችግር የተለያየ ስለሚመስል ለሁለቱም አንድ ጥፋተኛ አንፈልግ። ከጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ስካኑ በቴሌግራም እንደ ደረሰዎ በመሐል የጠቀሱት ነገር ነው። ኔጌቲቮቹ (ብርሃኑና ጥላው ተገላብጦ የሚታይባቸው የታጠቡት ፊልሞች ራሳቸው) በእጅዎ ከሌሉ ጥፋቱ ከየት እንደ መጣ ማንም ባለሙያ በእርግጠኝነት ሊነግርዎ አይችልም፤ እርስዎም ካሜራውን የሚማሩበት ዋናው መንገድ ተዘግቶብዎታል። ስካን የስካነሩ ሶፍትዌር ወይም ስካን ያደረገው ሰው ያስተካከለው ምስል ነው። ብርሃን ያነሰውን ፍሬም ሶፍትዌሩ በግድ ሲያነጣው ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ ግራጫና ብናኝ የበዛበት ይሆናል፤ ብርሃን የበዛበትን ደግሞ መልሶ ያጠቁረዋል፤ በዚህም ምክንያት በአነሣሥ በጣም የሚራራቁ ሁለት ፍሬሞች በስልክ ላይ ተቀራራቢ መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ አጣቢው ቤት ደውለው፣ ባዶ ነው የተባለው ጭምር፣ ኔጌቲቮቹ ሳይጣሉ እንዲላኩልዎ ይጠይቁ። ከእንግዲህም ፊልም ሲልኩ «ኔጌቲቩን እፈልገዋለሁ» ብለው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ስካኑን ብቻ የሚፈልጉ ደንበኞች እየበዙ በመጡበት በዚህ ጊዜ ያልጠየቁት ነገር ላይመለስልዎ ይችላል።

ኔጌቲቮቹ ሲደርሱዎ ጠርዛቸውን ብቻ ይዘው፣ ባዶ ነጭ ገጽ በተከፈተበት የስልክ ወይም የታብሌት ስክሪን ፊት ይመልከቷቸው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ሥዕሉ ሳይሆን ከቀዳዳዎቹ አጠገብ ባለው ጠርዝ ላይ የሚገኘው የፊልሙ ስምና የፍሬሞቹ ቁጥር ነው። እነዚህ ጽሑፎች በፋብሪካው በብርሃን የተቀረጹ ስለሆኑ የሚወጡት ፊልሙ በትክክል ሲታጠብ ብቻ ነው፤ ከእርስዎ አነሣሥ ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። ጽሑፉ ጥርት ብሎና ጠቆር ብሎ እያለ ሥዕሎቹ ሳስተው ከታዩ አጣቢው ሥራውን በአግባቡ ሠርቷል፤ ጉድለቱ ፊልሙ ላይ ያረፈው ብርሃን ማነሱ ነው። ጽሑፉም ሥዕሉም አብረው ከደበዘዙ ግን ኬሚካሉ የደከመ ወይም ሙቀቱ የወረደ መሆኑን ያመለክታል። የቀለም ፊልም የሚታጠበው ሲ-41 በተባለውና ከ1972 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሂደት ሲሆን፣ ዴቨሎፐሩ (ሥዕሉን የሚያወጣው ኬሚካል) 37.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ፣ ፊልሙ በእርሱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜም 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ እንዲሆን ተወስኗል፤ ይህ ለየትኛውም ኩባንያ የሲ-41 ፊልም አንድ ስለሆነ አጣቢው እንደ ስሜቱ የሚያሻሽለው ብዙ ነገር የለውም።

ባዶ ነው የተባለውን ፊልምም በዚሁ መንገድ ይመርምሩት። የጠርዙ ጽሑፍ በደንብ እየታየ በመሐል አንድም ሥዕል ከሌለ ፊልሙ በካሜራው ውስጥ አልተንቀሳቀሰም ማለት ይቻላል፤ ሹተሩ (ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው መጋረጃ) ሳይከፈት ቀርቶም ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ሁለተኛው ፊልም ሥዕል ስላወጣ ይህን ግምት ወደ ጎን መተው ይቻላል። ጽሑፉም ጠፍቶ ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር እንደ መስተዋት ከጠራ ስሕተቱ የማጠቢያው ነው፤ ለምሳሌ ፊክሰሩ (የወጣውን ሥዕል የሚያጸናው ኬሚካል) ከዴቨሎፐሩ ቀድሞ ከገባ ውጤቱ ይኸው ነው። ከዳር እስከ ዳር ከጠቆረ ደግሞ በሆነ ቦታ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ብርሃን ገብቶበታል። እኔ የምጠረጥረው የመጀመሪያውን ነው፤ ከዲጂታል ወደ ፊልም የሚሻገር ሰው ሁሉ የሚፈተንበት ቦታ ፊልም ማስገባቱ ላይ ነውና።

ኬ1000 ከ1976 እስከ 1997 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲመረት የቆየ፣ ከብርሃን መለኪያው በቀር ባትሪ የማይፈልግ ሜካኒካል ካሜራ ነው። ፊልም መግባት አለመግባቱን የሚያውቅበት ምንም ዘዴ የለውም፤ የፍሬም ቆጣሪው የሚቆጥረው የማንሻውን (ፊልሙን ወደ ቀጣዩ ፍሬም የሚያሳልፈውን) ምልልስ እንጂ የፊልሙን ጉዞ ስላልሆነ ባዶ ካሜራ ውስጥም በታማኝነት 1፣ 2፣ 3 እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ሲያስገቡ ጥላ ውስጥ ሆነው የግራውን እጀታ ወደ ላይ በመሳብ ክዳኑን ይክፈቱ፤ ካሴቱን በግራ በኩል አስቀምጠው እጀታውን ወደ ቦታው ይመልሱ፤ የፊልሙን ምላስ ወደ ቀኝ ስበው በመጠቅለያው ስንጥቅ ውስጥ በደንብ ያስገቡት። ክዳኑን ለመዝጋት አይቸኩሉ። ማንሻውን ቀስ አድርገው እየሳቡ፣ ከላይም ከታችም ያሉት ጥርሶች በቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብተው ፊልሙን ሲይዙት በዓይንዎ ይዩ። ከዘጉ በኋላ የግራውን እጀታ በቀስቱ አቅጣጫ በስሱ አዙረው፣ ፊልሙ ተወጥሮ እምቢ ሲልዎ ያቁሙ። ከዚያ ማንሻውን ሲስቡ ያ የግራው እጀታ በተቃራኒው አቅጣጫ አብሮ መዞር አለበት። ዞረ ማለት ፊልሙ እየሄደ ነው፤ ካልዞረ ከፍተው እንደገና ያስገቡ፤ የሚያጡት የፊልሙን ጫፍ ብቻ ነው። ይህችን እጀታ በመጀመሪያዎቹ ፍሬሞች ላይ ብቻ ሳይሆን በየመሐሉም የማየት ልማድ ይኑርዎ። ቆጣሪው 36ን አልፎ 39 እና 40 ላይ ደርሶ ማንሻው አሁንም በቀላሉ የሚሳብ ከሆነ ደስ አይበልዎ፤ ምናልባት ፊልሙ ከመነሻው አልተያዘም። ማንሻው ሲጠብቅ ደግሞ አያስገድዱት፤ በካሜራው ሆድ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭነው ፊልሙን ወደ ካሴቱ ይመልሱ፤ እጀታው ድንገት ቀለል እስኪልዎ ድረስም ክዳኑን አይክፈቱ።

አሁን ወደ ጠቆሩት ፊቶች እንምጣ። በመመልከቻው ቀኝ በኩል ያለችው መርፌ የምትሠራው በፊቷ ያለውን ሁሉ ወደ አማካይ ግራጫ በማምጣት ነው። የእርስዎ ዲጂታል ካሜራ ፊት ለይቶ ስለሚያውቅ፣ ካልሆነም ስክሪኑን አይተው ስለሚያርሙ ይህን ሳያስተውሉት ኖረው ይሆናል። ኬ1000 ፊት ምን እንደሆነ አያውቅም። ነጠላና ጋቢ የለበሱ ሰዎች ፍሬሙን ሲሞሉት፣ መርፌዋ «ብርሃኑ በዝቷል» ትልዎታለች፤ እርስዎም ታዝዘው አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ሲያጠቡ ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ደግሞ ከጥቁርም በታች ይሆናል። ከታንኳው ጀርባ የሚያብረቀርቀው የጣና ውሃም ያታለልዎ በዚሁ መንገድ ነው፤ በክረምት ማግሥት ጢስ ዓባይን ለማንሣት ከሄዱ የፏፏቴው ነጭ አረፋም የሚጠብቅዎ ይኸው ነው።

መፍትሔው መለካትንና ማንሣትን መለያየት ነው። ወደ ሰውየው ቀርበው ፊቱ ብቻ ፍሬሙን ሲሞላው ይለኩ፤ ቁጥሩን ሳይነኩ ወደ ኋላ ተመልሰው እንደፈለጉ ያንሡ። መቅረብ የማይቻል ከሆነ፣ ለምሳሌ ታንኳው ውሃው ላይ ሳለ፣ የራስዎን የእጅ ጀርባ ሰውየው ባለበት ዓይነት ብርሃን ውስጥ ዘርግተው በእርሱ ላይ ይለኩ። በፀሐይ ፊት ለፊት ያለ ፊትና በጀርባው ፀሐይ ያዘለ ፊት አንድ አይደሉምና እጅዎንም እንደ ሰውየው ፊት ያዙሩት። ጠቆር ያለ ቆዳን የለካች መርፌ ወደ ግራጫ ልታነጣው ስለምትሞክር ከሚገባው ግማሽ ወይም አንድ ስቶፕ (አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ የሚያደርግ እርከን ነው) ያህል ብርሃን ትጨምራለች፤ ይህን ማረም አያስፈልግዎትም። ዲጂታል የሚፈራው የነጩን መቃጠል ስለሆነ ለዓመታት እጅዎ ወደ ማጥቆር ተለማምዷል። የኔጌቲቭ ፊልም ጠባይ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በአንድና በሁለት ስቶፕ የበዛ ብርሃንን በቀላሉ ይችላል፣ ያላገኘውን ብርሃን ግን ማንም መልሶ አይፈጥርለትም። ብዙ የፊልም አንሺዎች ባለ 400 ፊልም (ቁጥሩ አይኤስኦ፣ ማለትም ፊልሙ ብርሃን የሚቀበልበት ፍጥነት ነው) አስገብተው፣ ብርሃኑ እንዲጨምር መለኪያውን 200 ላይ የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ እርስዎም ለጊዜው እንዲሁ ያድርጉ። ልማዱን መለወጥ ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የካሜራው ቁልፎች በአንድ ሳምንት ይለመዳሉ፣ «ለጥላው ልለካ» የሚለው ሐሳብ ግን ከእጅ ጋር ትግል አለው።

የባሕር ዳር ብርሃን በራሱ የሚጠይቀው ነገርም አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብም ብዙም ሳትርቅ ስለምትገኝ የቀትሩ ፀሐይ ከአናት ነው የሚወርደው፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ እንዲያውም በቀትር አናትን አልፎ ወደ ሰሜን ያጋድላል። በዚህ ሰዓት የሰው ዓይን ከቅንድቡ በታች በጥላ ይሸፈናል፣ መርፌዋ ግን ግንባሩንና መሬቱን እያየች ሁሉም ደህና ነው ትላለች። ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰው ማንሣት ግድ ከሆነብዎ ሰውየውን ዋርካ ሥር ወይም በረንዳ ጥላ ውስጥ አስገብተው ፊቱን ወደ ብርሃኑ ያዙሩት። ከተማዋ በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ላይ በመሆኗ፣ ፊትዎን ወደ ውሃው አድርገው ሲቆሙ የማለዳው ፀሐይ በቀኝዎ፣ የማታው በግራዎ ይሆናል፤ ይህ የጎን ብርሃን የደንገሉን ታንኳ እያንዳንዷን ዘለላ አንድ በአንድ የሚያሳይ ስለሆነ ለፊልም ከዚህ የተሻለ ሰዓት አልመክርዎትም።

ካሜራዎ ሌላም ገደብ አለበት። የሹተሩ የመጨረሻ ፍጥነት 1/1000ኛ ሰከንድ ነው። በጠራ ፀሐይ አፐርቸር 16 ላይ ሲሆን የሹተሩ ፍጥነት ከፊልሙ አይኤስኦ ቁጥር ጋር ይቀራረባል የሚለውን የቆየ ስሌት ከያዝን፣ ባለ 400 ፊልም በአፐርቸር 16 ላይ 1/500ኛ፣ በ11 ላይ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 1/1000ኛ ሰከንድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ አፐርቸሩን ልክፈት ቢሉ ካሜራው የሚሰጥዎ ፍጥነት የለውም። በዲጂታል የለመዱትን ጀርባው የደበዘዘ የሠርግ ፎቶ በቀትር ፀሐይ በዚህ ፊልም አያገኙትም። ባለ 100 ፊልም ቢያስገቡ በ1/1000ኛ ሰከንድ እስከ 5.6 ድረስ መክፈት ይችላሉ። እንግዲህ ለቀን ውጪ ሥራ ባለ 100 ወይም ባለ 200፣ ለማለዳና ለቤት ውስጥ ባለ 400 ይያዙ። ዘጌ ላሉት እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ላሉ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች ባለ 400 እንኳ የሚበቃው በጭንቅ ነው፤ ፍላሽ ሥዕሎቹን ስለሚጎዳና ቅዱሱን ስፍራ ስለሚረብሽ ጨርሶ አያስቡት፤ ከአባቶች ፈቃድ ካገኙ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ ክርንዎን ከምሰሶ ጋር አስጠግተው በ1/30ኛ ሰከንድ ይሞክሩ።

ያነሡትን ወዲያው አለማየትን ስለመልመድ ጠይቀዋል። ሹተሩን በተጫኑ ቁጥር ዓይንዎ ወደ ካሜራው ጀርባ መሄዱ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ልማዱ የሚተካው ግን በሌላ ልማድ እንጂ በትዕግሥት ብቻ አይደለም። ስለዚህ ዓይንዎ ወደ ጀርባው ሲሄድ እጅዎ ወደ ማስታወሻ ደብተር ይሂድ፦ የፍሬሙ ቁጥር፣ አፐርቸሩ፣ ፍጥነቱ፣ ምን ላይ እንደ ለኩ፣ ሰዓቱ። አምስት ቃል ይበቃል። ይህ ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይጠቅምም፤ ጥቅሙ የሚታየው ኔጌቲቩ ደርሶ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ነው። በ12ኛው ፍሬም ላይ ፊቱ የነበረበት ቦታ ከፊልሙ ባዶ ጠርዝ በምንም ካልተለየ፣ ደብተርዎም «ነጠላው ላይ ለካሁ» ካለ፣ ከዚያ በኋላ ያን ስሕተት የሚደግሙት አይመስለኝም።

ፊልም ውድ በሆነበት ጊዜ ሁሉንም ነገር በፊልም ተማሩ ማለት ፍትሐዊ አይደለም። የዲጂታል ካሜራዎን በማኑዋል አድርገው፣ አይኤስኦውን 200 ላይ ቆልፈው፣ አንድ ሌንስ ብቻ ገጥመው፣ ስክሪኑን በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው ቅዳሜ ገበያን አንድ ዙር ይዙሩበት። 36 አንሥተው ቤት ገብተው ይመልከቱ፤ የጎደለው ሁሉ ያለ ምንም ወጪ ይታይዎታል። በሌላ በኩል ዲጂታሉን ከፊልሙ ጋር ይዘው እየዞሩ፣ በዲጂታል አንሥቶ አይቶ ከዚያ በፊልም መድገምን አልደግፍም፤ ለትልቅ ሥራ ማረጋገጫ ሊሆን ይችላል፣ ለመልመድ ግን ውሳኔውን መልሶ ለስክሪኑ ያስረክባል። በስልክ ላይ የሚጫን የብርሃን መለኪያ መተግበሪያ ግን ችግር የለበትም፤ የኬ1000 መለኪያ ዕድሜውን የቆጠረ ስለሆነ ትክክለኛነቱን በእርሱ ማመሳከር ይገባዎታል። መለኪያውን የምታንቀሳቅሰው ኤልአር44 የተባለችው ትንሽ ባትሪ ስትሆን ሰዓት ሠሪዎች ዘንድ አትጠፋም። ካሜራው ማጥፊያ ቁልፍ ስለሌለው በማይሠሩበት ጊዜ ሌንሱን ክዳን ካላለበሱት ባትሪዋ ታልቃለች።

ከሁሉ የሚያፋጥንዎ ግን፣ አቅሙና ኬሚካሉ ከተገኘ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ራስዎ ማጠብ ነው። ጨለማ ክፍል የግድ አይደለም፤ ፊልሙን ወደ ማጠቢያ ጣሳው የሚያስገቡበት ብርሃን የማያስገባ ከረጢት ይበቃል። ፊልሙን አዲስ አበባ ልኮ ውጤቱን ሲጠብቁ የከረሙ ሰው፣ ጠዋት ያነሡትን ኔጌቲቭ ማታ ሲያዩት ትምህርቱ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። እዚህ የሚያስቸግረው የውሃው ሙቀት ነው፤ የማጠቢያ ሰንጠረዦች የተሠሩት ለ20 ዲግሪ ሲሆን በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ የቧንቧው ውሃ ከዚያ ይበልጣል። ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ፊልም አይዲ-11 በተባለው ዴቨሎፐር፣ አንድ እጅ ኬሚካል ለአንድ እጅ ውሃ ሆኖ ሲበጠበጥ፣ በ20 ዲግሪ 13 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ጭማሪ ዲግሪ ጊዜውን በ10 በመቶ ገደማ ቢቀንሱ በ24 ዲግሪ ወደ 9 ደቂቃ ይወርዳል። ያልተበረዘ ዴቨሎፐር ጊዜውን ከ5 ደቂቃ በታች ሊያወርደውና ሥዕሉን ዥንጉርጉር ሊያደርገው ስለሚችል በሞቃት ወራት የተበረዘውን ይምረጡ፣ ወይም ጣሳውን በረዶ በተጨመረበት ሳፋ ውስጥ ያቀዝቅዙ።

ስለ አቀማመጡ በአጭሩ፦ ያልተነሣ ፊልም ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከፍሪጅ ሲወጣ ጤዛ እንዳይዘው ሳይከፈት ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይ። የተነሣ ፊልም በመኪና ወይም በባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ አይዋል። በክረምት የሐይቁ እርጥበት ሌንስ ላይ ሻጋታ ስለሚያበቅል ካሜራውን በቆዳ ቦርሳው ውስጥ ዘግተው አያክርሙት፤ ሲሊካ ጄል በያዘ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት፣ ብዙ ጊዜም ያውጡትና ይሥሩበት።

ፊልሙን ወደ አዲስ አበባ የሚልኩት በአውሮፕላን በሚሄድ ሰው እጅ ከሆነ፣ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ከጭነት ጋር እንዳይላክ አጥብቀው ይንገሩት። የጭነት ሻንጣ መፈተሻ ኤክስሬይና በእጅ ሻንጣ መፈተሻ ላይ እየገቡ ያሉት አዲሶቹ ሲቲ ስካነሮች ያልታጠበ ፊልምን ያጨልሙታል። ፊልሙ ከካሜራው ወጥቶ በሚያሳይ ላስቲክ ውስጥ ይሁን፤ መንገደኛውም ለፈታሹ አሳይቶ በእጅ እንዲፈተሽለት በትሕትና ይጠይቅ። እምቢ ሊባል ስለሚችል፣ ሊደገም የማይችል የጥምቀት ወይም የሠርግ ፎቶ የያዘ ፊልም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም በየብስ ቢሄድ እመርጣለሁ። ከካሴቱ ጋር በሚሄደው ወረቀት ላይም መለኪያውን ስንት ላይ አድርገው እንዳነሡ ይጻፉ፤ 400ውን በ200 ካነሡት ግን «እንደ ተለመደው ይታጠብ» የሚል ይጨምሩበት፣ አለበለዚያ አጣቢው ሊረዳዎ አስቦ የማጠቢያውን ጊዜ ሊያሳጥርብዎ ይችላል።